ሜካኒካል ኢንጂነሪንግን በብሪታንያ በተቀናጀ ማስተርስ መማር፦ ከትምህርት ምርጫ እስከ መጨረሻው ፕሮጀክት

በብሪታንያ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው በእንግሊዝና በዌልስ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ቢ-ኢንጅ የተባለው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውንና የማስተርሱን ትምህርት ሳያቋርጥ በአራት ዓመት የሚያስጨርሰው ኤም-ኢንጅ፣ ማለትም የተቀናጀው ማስተርስ ነው። በስኮትላንድ ሁለቱም አንድ አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ በብሪታንያ ለሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችና ለወላጆቻቸው፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለማመልከት ለሚያስቡ ተማሪዎች ተዘጋጅቷል። የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ኤም-ኢንጅን "ቢ-ኢንጅ ላይ አንድ ዓመት የተጨመረበት" አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህም ውሳኔውን ወደ ኋላ ያቆየዋል። እንደ እኔ እምነት አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። አራተኛውን ዓመት የማግኘት ወይም የማጣት ጉዳይ በአብዛኛው የሚያልቀው በሁለተኛው ዓመት ውጤት ነው፤ የገንዘቡ ጉዳይ ከመመዝገብ በፊት፣ የሙያ ዕውቅናው ጉዳይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥ በፊት መታየት አለበት። ስለዚህ እቅዱ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መሠራት ይኖርበታል።

ዲግሪው ምንድን ነው?

በብሪታንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በክሬዲት ይለካል። አንድ ክሬዲት የክፍሉንም የግል ጥናቱንም ጊዜ ጨምሮ የአሥር ሰዓት ሥራ ተደርጎ ይታሰባል፤ አንድ የትምህርት ዓመት 120 ክሬዲት፣ ማለትም 1,200 ሰዓት ያህል ነው። የሙያ ዕውቅና ያለው ኤም-ኢንጅ 480 ክሬዲት ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 120ው "ደረጃ ሰባት" በሚባለው የማስተርስ ደረጃ መሰጠት አለበት። ቢ-ኢንጅ የሚያበቃው በደረጃ ስድስት ነው።

ይህ ልዩነት በሥራ ዓለም ጎልቶ የሚታየው "ቻርተርድ ኢንጂነር" በሚባለው ማዕረግ ላይ ነው። የማዕረጉን መስፈርት የሚያወጣው ኢንጂነሪንግ ካውንስል ሲሆን፣ በእኛ ዘርፍ ዲግሪዎችን እየመረመረ ዕውቅና የሚሰጠው ደግሞ በ1847 በበርሚንግሃም የተመሠረተውና የባቡር አባት የሚባለው ጆርጅ ስቲቨንሰን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የሆነው የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ነው። ዕውቅና ያለው ኤም-ኢንጅ ለማዕረጉ የሚፈለገውን የትምህርት መስፈርት ሙሉ በሙሉ ያሟላል። ቢ-ኢንጅ ግን በከፊል ብቻ ስለሚያሟላ፣ ተመራቂው በኋላ ኤምኤስሲ፣ ማለትም ለብቻው የሚወሰድ የማስተርስ ዲግሪ፣ መጨመር ወይም እስከ ማስተርስ ደረጃ ድረስ መማሩን በሌላ መንገድ ማሳየት ይጠበቅበታል። በሰር ሞንታጉ ፊኒስተን የተመራው ኮሚቴ በ1980 ያቀረበው ሪፖርት የመሐንዲሶች ሥልጠና ጥልቀት እንዲጨምር መጠየቁ ለዚህ ዲግሪ መስፋፋት በር ከፍቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጋነን መቀመጥ አለበት። በብሪታንያ አንድ ሰው የቻርተርድ ማዕረግ ስለሌለው በሜካኒካል መሐንዲስነት እንዳይቀጠር የሚከለክል አጠቃላይ ሕግ የለም። ማዕረጉ የሚጠቅመው በኃላፊነት ለማደግና ከብሪታንያ ውጭ ለመሥራት ሲሆን፣ ለዚህ ሲባል ብቻ ራስን አራት ዓመት ማስጨነቅ አይመከርም።

ደረጃ 1፦ መንገዱ ለእርስዎ መሆኑን ይለዩ

ከአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ሰው ኤም-ኢንጅ መጀመር አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚስማማው የአንድ ዓመቱ ኤምኤስሲ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚወዳደሩበት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕም የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ስኮላርሺፕ ኤም-ኢንጅ መማር አይቻልም።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ፋይናንስ ወይም ወደ ሌላ ሙያ መሻገር የሚያስብ፣ ወይም ማስተርሱን በተለየ ጠባብ ዘርፍ በሌላ ዩኒቨርሲቲ መማር የሚፈልግ ተማሪም ቢ-ኢንጅን መርጦ ኤምኤስሲውን በኋላ ቢጨምር ይሻለዋል። ለቀሩት፣ በተለይም የብሪታንያን የተማሪ ብድር ለሚያገኙት፣ ኤም-ኢንጅ የተሻለ መነሻ ነው። ከኤም-ኢንጅ ወደ ቢ-ኢንጅ መውረድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚፈቀድ ሲሆን፣ ከቢ-ኢንጅ ወደ ኤም-ኢንጅ መውጣት ግን ውጤት ይጠይቃል፤ በቪዛ ላለ ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ ወረቀትም ያስከትላል።

ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ዓረብ አገሮች ሄዶ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ስለ ሰርተፊኬቱም ማወቅ አለበት። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በመጨረሻ የሚሰጡት አንድ የኤም-ኢንጅ ዲግሪ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ለብቻው አይሰጥም። ካምብሪጅ ቢኤ ጨምሮ ስለሚሰጥ ከብዙዎቹ ይለያል። "የመጀመሪያ ዲግሪህን አምጣ" የሚል መሥሪያ ቤት ስለማይጠፋ፣ ሲመረቁ ሙሉ ትራንስክሪፕቱንና ዲግሪው ደረጃ ሰባት ላይ የሚያበቃ የተቀናጀ ማስተርስ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አስጽፎ መውጣት ብልህነት ነው።

ደረጃ 2፦ የመግቢያ ትምህርቶችን በጊዜ ይምረጡ

በእንግሊዝ የሚማር ልጅ ለኤ-ሌቨል፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሚያበቃው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ትምህርቶቹን የሚመርጠው በ16 ዓመቱ ገደማ ነው። ለሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሒሳብ የማይቀር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስንም ያስገድዳሉ። ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ሒሳብ የሚሰጥ ከሆነ መውሰዱ ይጠቅማል፤ ተፈላጊ በሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደረው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህን የወሰደ ነው። በቤታችን የተለመደ አንድ ስሕተት አለ፦ ቤተሰብ ልጁ ሐኪም እንዲሆን ስለሚመኝ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ያስመርጠዋል፤ በ17 ዓመቱ ልቡ ወደ ኢንጂነሪንግ ሲያደላ ፊዚክስ የለውም። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የወሰደ ተማሪ ግን የኢንጂነሪንግ በር ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆየዋል።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ብቻውን በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለቀጥታ መግቢያ ስለማይበቃ፣ አንድ ዓመት የሚፈጅ የመሰናዶ ትምህርት፣ ማለትም ፋውንዴሽን ይጠየቃል። ፋውንዴሽኑ ሲጨመር ጊዜው አምስት ዓመት ይሆናል። እንግዲህ በኢትዮጵያ አምስት ዓመት ተምሮ በአንድ ዓመት ኤምኤስሲ የሚጨርሰው ተማሪ የሚዘገየው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ወጪው ግን በብዙ እጥፍ ያንሳል። ቤተሰብ ቤት ሸጦ ልጁን ከመላኩ በፊት ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ቢሠራው መልካም ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ ለሚጠየቁ ደግሞ የተለመደው የአይኤልትስ ውጤት 6.5 አካባቢ ነው።

ደረጃ 3፦ ኮርሱን በስሙ ሳይሆን በመዝገቡ ይመርምሩ

ኢንጂነሪንግ ካውንስል ዕውቅና ያላቸውን ዲግሪዎች በዩኒቨርሲቲ ስም መፈለግ የሚያስችል መዝገብ በድረ ገጹ ላይ ያቀርባል። መዝገቡን ሲከፍቱ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ፦ የኮርሱ ስም ከሚያመለክቱበት ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕውቅናው እርስዎ የሚገቡበትን ዓመት የሚሸፍን መሆኑን፣ ለቻርተርድ ኢንጂነርም "ሙሉ በሙሉ" የሚለው መጻፉን። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ "ዕውቅና ያለው" ብሎ መጻፉ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ዕውቅና በየተወሰነ ጊዜ ይታደሳል፣ አዲስ ኮርስም ገና ሳይመረመር ሊከፈት ይችላል።

ከዚያ በኋላ በጉብኝት ቀን ወይም በኢሜይል ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። በኤም-ኢንጅ ለመቀጠል ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ስንት አማካይ ውጤት ያስፈልጋል? የእያንዳንዱ ዓመት ውጤት በመጨረሻው ዲግሪ ላይ ስንት በመቶ ይመዝናል? የግል ፕሮጀክቱ በሦስተኛው ነው ወይስ በአራተኛው ዓመት? ማሽን ሾፑን ተማሪው ራሱ ይሠራበታል ወይስ ቴክኒሽያኑ ሲሠራ ያያል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ትልቅ ልዩነት የሚያሳይ ነው።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በዚህ ረገድ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሁለቱም የሚያስተምሩት አጠቃላይ ኢንጂነሪንግ ሲሆን፣ ተማሪው ወደ ሜካኒካል የሚያደላው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞተርና ማሽን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ላይስማማው ይችላል፤ ገና ላልወሰነ ግን ጥሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ያመልክቱ

ማመልከቻው የሚገባው ዩካስ በተባለው የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት ሲሆን እስከ አምስት ምርጫ ይፈቀዳል። በአንድ ዓመት ለኦክስፎርድም ለካምብሪጅም ማመልከት አይቻልም። ለሁለቱ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15 ሲሆን፣ ለሌሎቹ ኮርሶች ደግሞ የጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ሁለቱም የሚዘጉት በብሪታንያ ሰዓት 18:00 ላይ ነው። ይህ በኦክቶበር በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በጃንዋሪ ግን ብሪታንያ ሰዓቷን ስለምትቀይር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። አምስቱን ምርጫ የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ኤም-ኢንጅና ቢ-ኢንጅ ለየብቻ በመጻፍ ማባከን አያስፈልግም፤ የኤም-ኢንጅ ውጤት ለጎደለው አመልካች ዩኒቨርሲቲው ራሱ ብዙውን ጊዜ ቢ-ኢንጁን ያቀርብለታል።

ካምብሪጅ ለኢንጂነሪንግ፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ደግሞ ለሜካኒካል ኢንጂነሪንግ በ2024 የተጀመረውን የኢንጂነሪንግና የሳይንስ መግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ክፍል 27 የምርጫ ጥያቄዎችን በ40 ደቂቃ የሚያስጨርስ ሲሆን ካልኩሌተር አይፈቀድም። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ ስለማይደርስ፣ ልምምዱ ፍጥነትንና በእጅ ማስላትን ያተኮረ መሆን አለበት። የፈተናው ምዝገባ ከዩካስ ተለይቶ በራሱ ቀን የሚዘጋ መሆኑንም አይዘንጉ።

የግል መግለጫው ከ2026 ገቢዎች ጀምሮ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፦ ይህን ትምህርት ለምን መረጡ፣ እስካሁን የተማሩት እንዴት አዘጋጀዎት፣ ከትምህርት ቤት ውጭስ ምን አድርገዋል። በድምሩ 4,000 ሆሄያትና ክፍት ቦታዎች ይፈቀዳሉ፤ እያንዳንዱ መልስም ከ350 ማነስ የለበትም። "ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽን እወድ ነበር" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አይነግርም። አንድ የሚያውቁትን ነገር ወስዶ እንደ መሐንዲስ መመርመር ይሻላል። ለምሳሌ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል ለምን ረጅም ጊዜ ይወስዳል? የማሞቂያው ሽቦ ከሸክላው ሥር ተዘርግቷል፣ ሸክላ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፣ ከገላው ክብደት የተነሣም ብዙ ሙቀት ይውጣል። ተማሪው በየደቂቃው የመካከሉንና የጠርዙን ሙቀት ለክቶ፣ በግራፍ ነድፎ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ቢገምትና ግምቱን በምን መንገድ ሊፈትን እንደሚችል ቢጽፍ፣ አንባቢው መምህር ከመቶ የውዳሴ ቃላት ይልቅ ይህን ያስታውሳል።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡንና ቪዛውን አስቀድመው ያስሉ

በእንግሊዝ "የአገር ውስጥ" ተብሎ የሚመደብ ተማሪ በ2025/26 የሚከፍለው ከፍተኛው ዓመታዊ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነው። የኤም-ኢንጅ ዋና የገንዘብ ጥቅም፣ አራተኛው ዓመት የማስተርስ ደረጃ ቢሆንም በመጀመሪያ ዲግሪ ብድር የሚሸፈን መሆኑ ነው፤ የትምህርት ክፍያውም የኑሮ ብድሩም እንደ ሌሎቹ ዓመታት ይቀጥላል። በአንጻሩ ቢ-ኢንጅ ጨርሶ ኤምኤስሲ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው የድኅረ ምረቃ ብድር ከኦገስት 2025 ጀምሮ ለሚጀመሩ ኮርሶች በጠቅላላው ቢበዛ 12,858 ፓውንድ ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የትምህርት ክፍያውን እንኳ ሸፍኖ ለቤት ኪራይ የሚተርፍ አይደለም። አከፋፈሉም ይለያያል። ከኦገስት 2023 ወዲህ የጀመሩ ተማሪዎች ከዓመታዊ ገቢያቸው ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካለው 9 በመቶ ይከፍላሉ፤ የድኅረ ምረቃ ብድር ያለበት ደግሞ ከ21,000 በላይ ካለው ሌላ 6 በመቶ በተጨማሪ ይቆረጥበታል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ኤም-ኢንጅ የያዘ ሰው ማስተርስ እንዳለው ስለሚቆጠር፣ በኋላ ለሌላ ማስተርስ የድኅረ ምረቃ ብድሩን አያገኝም።

በስደተኝነት ጥገኝነት ያገኙ ወገኖች ወረቀቱን ካገኙ በኋላ እንደ አገር ውስጥ ተማሪ ይቆጠራሉ፤ ሦስት ዓመት መጠበቅ አይጠየቁም። ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለው በውጭ አገር ተማሪ ክፍያ ቢመደቡም፣ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች "ሳንክቹዋሪ" የተባለ ስኮላርሺፕ ስላላቸው ለዩኒቨርሲቲው ራሱ መጻፍ ይገባል።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ነው። ለጤና አገልግሎት የሚከፈለው በዓመት 776 ፓውንድ ደግሞ ለሙሉው የቪዛ ዘመን በአንድ ጊዜ፣ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ይከፈላል። ከሁሉም በላይ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው "አታስ" የተባለው የደኅንነት ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ በአንዳንድ የቴክኖሎጂ ዘርፎች ማስተርስና ዶክትሬት ለሚማሩ የውጭ ዜጎች የሚጠየቅ ሲሆን፣ የተቀናጀ ማስተርስንም ስለሚጨምር ሜካኒካል ኢንጂነሪንግን በኤም-ኢንጅ የሚማር ኢትዮጵያዊ ገና ከአንደኛ ዓመት በፊት ሊያወጣው ይገባል። ፈቃዱ በነፃ ቢሆንም ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ እንደደረሰ ወዲያውኑ መጀመር ነው። በቢ-ኢንጅ ገብቶ በኋላ ወደ ኤም-ኢንጅ የሚቀየር ተማሪም ይህንኑ ፈቃድና የቪዛ ማራዘሚያውን በትምህርቱ መሃል ማሟላት ይኖርበታል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደ ዋና ሥራ ይያዟቸው

በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት ትምህርቶች በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ናቸው፦ ሒሳብ፣ ስታቲክስና ዳይናሚክስ፣ ስትረስ አናሊሲስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ማቴሪያልስ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ፣ በማትላብ ወይም በፓይተን ፕሮግራሚንግ፣ በኮምፒውተር ንድፍ፣ ከዚህም ጋር የማሽን ሾፕ ልምምድ። በሁለተኛው ዓመት ሂት ትራንስፈር፣ ቫይብሬሽን፣ ኮንትሮልና ፋይናይት ኤለመንት ይጨመራሉ። እነዚህ ትምህርቶች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ፣ በአንደኛው ዓመት የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ትምህርቱን የዘለለ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ቫይብሬሽንንም ኮንትሮልንም አብሮ ያጣቸዋል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በኤም-ኢንጅ ለመቀጠል በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 60 በመቶ አካባቢ አማካይ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ያልደረሰው ወደ ቢ-ኢንጅ ይዛወራል። በኢትዮጵያ ውጤት መለኪያ ለለመደ ሰው 60 ዝቅተኛ ይመስላል፤ እዚህ ግን 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛው ማዕረግ፣ ከ60 እስከ 69 ደግሞ የላይኛው ሁለተኛ ማዕረግ ነው። ማለፊያው እስከ ሦስተኛው ዓመት ብዙውን ጊዜ 40፣ በማስተርስ ደረጃ ደግሞ 50 ነው። ምዘናው የሚሠራበትን መንገድ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን ዓመት 20 በመቶ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን 40፣ 40 በመቶ ቢመዝን፣ 62፣ 68 እና 73 ያመጣ ተማሪ በመጨረሻ የሚያገኘው 12.4 ሲደመር 27.2 ሲደመር 29.2፣ ማለትም 68.8 ነው። ያው ተማሪ በሁለተኛው ዓመት 68 አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ልክ 70 ይሆን ነበር።

በወደቁበት ትምህርት ላይ ያለው ደንብም ከሌሎች ፋኩልቲዎች ይጠብቃል። ኢንጂነሪንግ ካውንስል ዕውቅና ባለው ኤም-ኢንጅ ውስጥ በሌሎች ትምህርቶች ውጤት ተካክሶ እንዲያልፍ የሚፈቅደው በጠቅላላው 30 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ያውም ውጤቱ ከማለፊያው ከአሥር ነጥብ በላይ ያልራቀ እንደሆነ። ስለዚህ የታሪክ ወይም የቢዝነስ ተማሪ የሆነ ጓደኛ "ግድ የለም፣ ይካካሳል" ቢል ምክሩ ለእርስዎ አይሠራም።

ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ፎርሙላ በቃሉ በመያዝ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ግን በብዙ ፈተናዎች ፎርሙላው ታትሞ ይሰጣል። የሚፈተነው የትኛው ፎርሙላ በየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራ መለየቱ ነው፦ ፍሰቱ ላሚናር (የረጋ) ነው ወይስ ተርቡለንት (የሚናወጥ)፣ ጋዙ እንደ አይዲያል ጋዝ ሊታሰብ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህን የሚያስተምሩት በየሳምንቱ የሚታደሉት የልምምድ ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ መልሱን ሳያዩ ራስን ማስቸገርና ያልተፈታውን ይዞ ወደ ቱቶሪያል መሄድ ያስፈልጋል።

የቤተ ሙከራ ሪፖርት ውጤት የሚወሰነውም በዚሁ መንገድ ነው። በአንደኛው ዓመት ሁሉም ተማሪ ማለት ይቻላል ብረትን እየሳበ የሚበጥሰውን ማሽን ይጠቀማል። ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር፣ የሚለካው ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በ15.7 ኪሎ ኒውተን ቢሳብ፣ የክብ ፊቱ ስፋት 78.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስትረሱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የስፋት መለኪያ ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ 200 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የብረት ያንግስ ሞዱለስ፣ ማለትም ላለመለጠጥ ያለው ግትርነት፣ 200 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ዘንጉ በትክክል የሚረዝመው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተማሪው ግን በዘንጉ ላይ የሚታሰረውን የመርዘም መለኪያ፣ ኤክስቴንሶሜትርን፣ ትቶ የማሽኑን ራስ እንቅስቃሴ ቢያነብ 0.4 ሚሊ ሜትር ሊያገኝ ይችላል፤ መንጋጋው ዘንጉን ሲነክስ ስለሚንሸራተት፣ የማሽኑ አካልም ራሱ ስለሚለጠጥ ነው። በዚህ ቁጥር ሲሰላ ሞዱለሱ 25 ጊጋ ፓስካል ይወጣል፤ ከአሉሚኒየም እንኳ ያነሰ ማለት ነው። ደካማ ሪፖርት "ስሕተቱ የሰው ስሕተት ነው" ብሎ ያልፋል። ጥሩ ሪፖርት 0.35 ሚሊ ሜትሩ ከየት እንደመጣ ያስረዳል፤ ነጥቡም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሪፖርት ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ መጻፍ በእኛ ዘንድ እንደ መረዳዳት ሊታይ ቢችልም፣ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ዳታውን በጋራ መሰብሰብ ይፈቀዳል፤ ትንታኔውና ጽሑፉ ግን የየራስ ነው።

ስለ ማሽን ሾፑ አጭር ቃል ይበቃል። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ላይ የሠራ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከክፍል ጓደኞቹ ይቀድማል። ነገር ግን የደኅንነት ሥልጠናውን ሳይወስድ አንድም ማሽን እንዲነካ ስለማይፈቀድለት፣ "አውቀዋለሁ" ማለት ትርፍ የለውም።

ደረጃ 7፦ የኢንዱስትሪ ዓመት ካሰቡ

ብዙ ኮርሶች በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ ወይም በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል አንድ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ዓመት ያስገባሉ፤ ዲግሪውም አምስት ዓመት ይሆናል። በእንግሊዝ ለዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሊጠይቅ የሚችለው ከሙሉው ክፍያ 20 በመቶ፣ በ2025/26 ማለትም 1,905 ፓውንድ ብቻ ነው። እንደ ሮልስ ሮይስ በደርቢ፣ ኤርባስ በፊልተንና በብሮተን ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ሥራው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሲቪው በበጋው ዕረፍት ተዘጋጅቶ በሴፕቴምበር ዝግጁ መሆን አለበት። ከመከላከያ ጋር የተያያዙ ሥራዎች ዜግነትን ወይም በአገሪቱ የተቀመጡበትን የዓመታት ብዛት ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ረጅሙን ቅጽ ከመሙላት በፊት ይህን መስፈርት ማንበብ ጊዜ ያተርፋል። እድሉ ከተገኘ እኔ እንዲወሰድ እመክራለሁ፤ አራተኛውን ዓመት በተለየ ዓይን ያሳያል፣ ከምረቃ በኋላ ሥራ ፍለጋውንም ያቀልላል።

ደረጃ 8፦ ሁለቱ ፕሮጀክቶች

በኤም-ኢንጅ ውስጥ የግል ፕሮጀክትና የቡድን ፕሮጀክት አሉ፤ በተለመደው አሠራር የግሉ በሦስተኛው፣ የቡድኑ በአራተኛው ዓመት ይመጣል። ለግል ፕሮጀክት ርዕስ ሲመርጡ የርዕሱ ማማር ሳይሆን ሦስት ነገሮች ይታዩ፦ መሣሪያው አሁን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አለ ወይ፣ ተቆጣጣሪው መምህር በየሳምንቱ ይገኛል ወይ፣ ሙከራው ባይሳካ በስሌት ብቻ የሚቆም ሥራ ይኖራል ወይ። "የሚታዘዝ ክፍል ከውጭ እስኪመጣ" የሚጠብቅ ፕሮጀክት ማርች ላይ ሲደርስ ራስ ምታት ይሆናል። ማሽን ሾፑም በሁለተኛው ሴሚስተር ስለሚጨናነቅ፣ የሚቆረጥና የሚበየድ ነገር ካለ ንድፉ ከገና በፊት ለቴክኒሽያኑ መድረስ አለበት። ንድፉ ላይ ቶለራንሱን፣ ማለትም ከተጻፈው ልክ የሚፈቀደውን ልዩነት፣ መጻፍ አይርሱ፤ አስፈላጊ ባልሆነ ቦታ ጥብቅ ቶለራንስ የጠየቀ ተማሪ ሥራው ከወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጥበታል።

በቡድን ፕሮጀክቱ ከሥራው ጥራት ባልተናነሰ የሚመዘነው አሠራሩ ነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የሥራ ክፍፍል፣ የወጪ መዝገብና የአደጋ ስጋት ትንታኔ ይጠየቃሉ፤ የቡድን አባላትም አንዱ ሌላውን ነጥብ ይሰጣል። በዝምታ ብዙ የሠራ፣ ሥራውን ግን ለማንም ያላሳየ አባል በዚህ ነጥብ ሲጎዳ ይታያል። በስብሰባ ላይ አልስማማም ማለትን እንደ ድፍረት ለሚቆጥር በጨዋነት ላደገ ልጅ ይህ ይከብዳል፤ ሆኖም ስሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መከራከር እዚህ ነውር አይደለም።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ፎርሙላ ስቱደንትን ከፕሮጀክቱ ጋር ያያይዙታል። የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ከ1998 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ይህ ውድድር በየዓመቱ በጁላይ በሲልቨርስቶን የሚካሄድ ሲሆን፣ ተማሪዎች አንድ ሰው የሚይዝ የውድድር መኪና ሠርተው በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በንድፍ፣ በወጪና በንግድ ዕቅድም ይወዳደራሉ። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሌሊትን የሚበላ ሥራ ስለሆነ የሁለተኛ ዓመት አማካዩ ገና 60 ያልደረሰ ተማሪ በትንሽ ኃላፊነት ቢጀምር ይሻለዋል።

የአራተኛው ዓመት ምርጫ ትምህርቶች እንደ ኮምፒውቴሽናል ፍሉይድ ዳይናሚክስ፣ ኮምፖዚት ማቴሪያልስ፣ ትራይቦሎጂና ተርቦማሽነሪ ያሉ ናቸው። ማለፊያው ወደ 50 ከፍ ስለሚል፣ ምርጫው ከግል ፕሮጀክቱ ጋር የሚደጋገፍ ቢሆን ጫናውን ያቀልላል።

ከምረቃ በኋላ ቻርተርድ ለመሆን የሚያመለክት መሐንዲስ በአምስት የብቃት ዘርፎች፣ ማለትም በዕውቀት፣ በንድፍና ችግር ፈቺነት፣ በኃላፊነትና አመራር፣ በተግባቦት እና በሙያ ሥነ ምግባር ማስረጃ ያቀርባል፤ በሙያው ሰዎች ፊትም ቀርቦ ይጠየቃል። ማስረጃው የሚመዘነው በሥራ ላይ በተገኘ ልምድ ቢሆንም፣ የማስታወሻ አያያዙ ልማድ ከኢንዱስትሪው ዓመትና ከቡድን ፕሮጀክቱ መጀመር ይችላል። ስለ እያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ ቀኑን፣ የነበሩትን አማራጮች፣ አንዱ የተመረጠበትን ስሌትና የራስን ድርሻ "እኛ" ሳይሆን "እኔ" ብሎ መጻፍ ነው፤ ጠያቂዎቹ በኋላ የሚፈልጉት መልክ ይኸው ስለሆነ።